የማለዳ ሰዎች

ቶሮንቶ፣ ኖቬምበር 8

ይድረስ ለወንድሜ ለገረመው፤

እንዴት ሰነበትክ? ናኦሚስ ደህና ናት? እኔ ተመስገን ነው። ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንተ በእጅህ ጽፈህ፣ ልጅህ ናኦሚ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ልካ፣ እኔ ደግሞ ታብሌቱን በሁለት ጣቴ እየለጠጥኩ አነበብኩት። ዕድሜ ልክህን ጂኦግራፊ ያስተማርክ ሰው እንዲህ ጉንዳን የመሰለ ጽሕፈት ትጽፋለህ? ተማሪዎችህ ኒጀርን ከናይጄሪያ እንዴት ለዩ?

እኔ የምለው ግን፣ ደብዳቤ ምን አመጣው? አዳማ ቤት ከሠራህ ጀምሮ እሁድ ሳትደውልልኝ ቀርተህ አታውቅም። አሁን ድንገት ብዕር አነሳህ። "ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል" ብለሃል። እሺ፣ ይማርህ። ዝንጅብል አፍልተህ ማር ጣል አድርግበት። ያቺ እህታችን ታፍላልህ፤ አንድ ግቢ እየኖራችሁ ለዚህ እንኳ ካልሆነች የሻሽወርቅ ለምን ትጠቅማለች? ስልኳን ደጋግሜ ሞክሬ ዝግ ነው። ምን አድርጋው ነው? እንደ ባለፈው ሽሮ ውስጥ ጣለችው?

ዓይኔን ጠይቀሃል። ቀኙን ሠርተውልኛል። ሞራው ሲገፈፍ እንዴት ያለ ነገር ነው! ፍሌሚንግደን ፓርክ ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር ቢልዲንጋችን ቡኒ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ክሬም ነው። ግራው ከፈረንጅ ገና በኋላ ይሠራል። እንዳላሸው፣ እንዳላጎነብስ፣ ከባድ እንዳላነሳ ተነግሮኛል። ጎረቤቴ ብርሃነሽ ደግሞ ከራሷ ጨምራ "እንዳታለቅሺ" ብላኛለች። ምን የሚያስለቅስ አለ ብዬ ሳቅኩባት።

አሁን የምሥራቹን ልንገርህ። የሰሎሜ ጌም ሴል ወጣ! ልጄ ቀን ቀን ባንክ ኮምፒውተር ክፍል እየሠራች፣ በተረፋት ጊዜ ከጓደኛዋ ከማያ ጋር ጌም ትሠራለች ብዬህ የለ? ዓምና ጨርሰው ጌም የሚሸጥበት ኦንላይን ስቶር ላይ አወጡት። ስሙ "ማለዳ" ነው፤ በአማርኛ! ስለ ምንድነው ብላት "ስለ አንዲት ትንሽ ልጅ ነው፣ እማ" አለችኝ። ከዚያ በላይ አትናገርም፤ አባቷን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱን ወጥታ ዝምተኛ ናት። እኔም የልጆች ጨዋታ መሆኑ ገባኝና ቤተ ክርስቲያን ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ሁሉም "እንገዛለን፣ እንገዛለን" ይሉኛል። ግን ሐበሻ መቼ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ያውቃል? ዓመት ሙሉ ሴል ጠበቁ።

ያለፈው እሁድ ዋጋው ወደ ሩብ ወርዶ አየሁና ለእድራችን ሊቀመንበር ለጋሽ ገብረ ክርስቶስ ነገርኳቸው። እሳቸውም ከቅዳሴ በኋላ በማይክ "የእህታችን የጸሐይወርቅ ልጅ የሠራችው የልጆች ጨዋታ ቅናሽ ወጥቷል፤ ገዝተን ልጃችንን እናበረታታ" ብለው አወጁ። ገረመው ሙት፣ ተጨበጨበ! ሁሉም እዚያው አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብለው ለልጆቻቸው በስልክ ገዙ። ቅናሹ ለሃሎዊን፣ ፈረንጅ ጭራቅ መስሎ ለሚዞርበት በዓል፣ ነው አሉ። ምን እንዳገናኘው አልገባኝም።

ሰሎሜ ግን አልነበረችም። ከምትኖርበት ከፓርክዴል እሁድ እሁድ እኔ ዘንድ ትመጣ ነበር፤ ሰሞኑን እየቀረች ነው። ሥራ ነው ትላለች።

ለየሻሽ እንዲህ በልልኝ፦ "አንቺ የበሬ ግንባር፣ ዓይኔ ስለተሠራ አሁን መልክሽ ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ በቪዲዮ ስትመጪ እባክሽ ተሸፈኚ።" መልሷን ቃል በቃል ጻፍልኝ። እንዳታሳምርላት።

እህትህ ጸሐይወርቅ


አዳማ፣ ኅዳር 5

ለውድ እህቴ ለእትዬ ጸሐይ፤

እንደምን አለሽልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ሁላችንም በጣም ደህና ነን። ናኦሚ ደህና ናት። ጎረቤቱ ደህና ነው። ዝናቡ ከወጣ ወዲህ ነፋሱ አቧራ ማንሳት ጀምሯል። ይህ የሚሆነው አዳማ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ስለሆነች ነው፤ ነፋሱ ከከፍታው ሲወርድ... ይቅር፣ "ደግሞ ክላስ ጀመርክ" ትይኛለሽ።

ስለ ዓይንሽ እጅግ ደስ ብሎኛል። ግራው እስኪሠራ ድረስ ራስሽን ጠብቂ። ብርሃነሽ ያለችው ልክ ነው። ዓይን ከተሠራ በኋላ ማልቀስ ጥሩ እንዳልሆነ እኔም እዚህ ሰው ጠይቄ ተረድቻለሁ።

ድምፄ ገና አልተከፈተም። ብዙ አትናገር ተብያለሁ። ስለዚህ ለጊዜው ደብዳቤው ይሻለናል። ደብዳቤ ደግሞ ደግ ነገር ነው፤ ሰው የሚናገረውን ረጋ ብሎ ያስባል። ድሮ ተማሪዎቼንም ለዚህ ነበር ጻፉ የምላቸው።

የሻሽ ደህና ናት። ስልኳ ተበላሽቶ ነው። የላክሽባትን ነግሬያታለሁ፤ በጣም ሳቀች። ሰላም በልልኝ ብላለች።

ሰሎሜ ስለቀረችው ነገር አትጨነቂ። ወጣት ናት፣ የቶሮንቶ ኑሮም ሩጫ ነው፤ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ምን ሆነሻል፣ ምን ሆነሻል እያልሽ አታፋጥጫት። ልጅቷ ትረፍ። ለጌሙም እንኳን ደስ አላችሁ።

ታናሽ ወንድምሽ ገረመው


ቶሮንቶ፣ ኖቬምበር 19

ገረመው፤

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆየው፤ ተዋርጃለሁ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሴቶቹ እንደ ወትሮው አልሳሙኝም። አዲስአለም፣ ያቺ ሳታቅፈኝ የማትቀመጠው፣ ጉንጯን እንኳ ሳትሰጠኝ "የልጅ ልጄ ብቻውን ሽንት ቤት መግባት አቁሟል፤ እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ። የሌላዋ ልጅ ኤሌቬተር አልገባም ብሎ እናቱን በደረጃ ያስወጣታል አሉ። እንዴ! ምን ተፈጠረ ብዬ ብጠይቅ፣ ለካ የሰሎሜ ጌም የሚያስፈራ ጌም ነው። ሆረር ይሉታል። ያውም ቀንድ ያለው ጭራቅ የሚወጣበት ዓይነት አይደለም። "ሳይኮሎጂካል ነው፤ አእምሮ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያስፈራው" ብላ የአዲስአለም ልጅ አስረዳችኝ። ለልጆች እንዳልሆነ ገጹ ላይ ተጽፏል። ሴል ሲባል ማን ያነባል? በማይክ ያስነገርኩ ሴትዮ እኔ!

የባሰውን ልንገርህ። ልጅቷን የሚያስፈራሯት የእኛ ሰዎች ናቸው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌዎች፤ ሲነጋጋ ኮሪደሩን ሞልተው ይቆማሉ። አዲስአለም "ነጠላችንን ጭራቅ አደረገችው" ብላ አለቀሰች። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ደግሞ ስልኩን አቅርበው "ይሄ እኔ አይደለሁም?" አሉኝ። አየሁት። እውነትም አንዱ ሽማግሌ ቁርጥ እሳቸው ነው፤ አፍንጫቸው ሳይቀር። ተቆጥተው ይሁን ኮርተው አልለየሁም።

ሰሎሜን ኮል አድርጌ ጮኽኩባት። "እማ፣ ለልጆች ነው ብዬሽ አላውቅም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አላለችም። "ሰዎቻችን ምን አደረጉሽ? ምን ሆነሻል?" ስላት "ምንም"። ከዚያ "አይ ሃቭ ቱ ጎ" ብላ ዘጋችው። የጠገበ ሰው ድምፅ ቢሆን እናደድ ነበር። የፈራ ሰው ድምፅ ነው። ይቺ ልጅ የሆነችው ነገር አለ፣ ገረመው። ሻይ አፈላና ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል፣ ቁጭ እላለሁ፣ መልሼ እነሳለሁ።

ሌላም አለኝ። የሻሽ ሳቀች አልክ። የሻሽ፣ ተሰድባ? እኔ እሷን ስሰድብ፣ እሷ ስትመልስ ነው ያረጀነው። እናታችን የሞተች ሰሞን እንኳ በስልክ እያለቀሰች "የግመል ከንፈር፣ በቃ ዝም በይ፣ ትሞቺብኛለሽ" ብላ ነው ያጽናናችኝ። አሁን ስቃ ሰላም በልልኝ አለች? ያንተን ስልክ ስጣትና ራሷ ትደውልልኝ።

ጸሐይወርቅ


አዳማ፣ ኅዳር 14

ለእትዬ ጸሐይ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ ደህና ነን።

በሴቶቹ ነገር አትዘኚ። ልጆች ቶሎ ይረሳሉ፤ እናቶቻቸውም ሌላ ወሬ ሲመጣ ይተዉታል። የሻሽን አገናኘኝ ብለሻል። የሻሽ ጾሙ ሳይገባ ብላ ጸበል ወርዳለች። ቦታው ቆላ ነው፣ ኔትወርክ የለም። መቼ እንደምትመለስ ቁርጡን አልነገረችኝም።

ጌሙን ግን አንቺ እንዳታዪው። ናኦሚ አንድ ሰው ሲጫወተው የተቀረጸ ቪዲዮ አግኝታ አሳየችኝ፤ ከመጀመሪያው ትንሽ አይቼ ዝጊው አልኳት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ለዓይንሽ አይሆንም። እትዬ፣ ለእኔ ብለሽ ተይው። ሰሎሜንም ለጊዜው ተያት።

ደብዳቤው ስላጠረ ይቅርታ አድርጊልኝ። እጄን ያመኛል።

ወንድምሽ ገረመው


ቶሮንቶ፣ ኖቬምበር 28

ገረመው፤

ድምፅህ ተዘጋ፣ እጅህ ታመመ፤ ቀጥሎ ምንህ ሊሆን ነው?

ተይው ስላልከኝ ገዛሁት። ሴሉ አልፎ ነበር፤ ለዚህ ሰሞን ገበያ ብለው መልሰው አወረዱት። ሰሎሜ በሰጠችኝ ላፕቶፕ፣ ከምሳ በኋላ፣ መጋረጃውን ከፍቼ፣ ፀሐይ ሶፋው ላይ እያለች ተጫወትኩት። መጀመሪያ ልጅቷን እንዴት እንደሚያስኬዷት አላወቅኩም፤ ከግድግዳ ጋር እያላተምኩ ግንባሯን ፈጀሁት። ቀስ በቀስ ለመድኩ።

ቤቱ የእኛ ቤት ነው። ሰሎሜ ሕፃን ሳለች የነበረው። ሶፋው ላይ ፕላስቲኩ አለ። የሽንት ቤቱ መስተዋት አባቷ በመዶሻ እንደሰነጠቀው ተሰንጥቋል። ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩት የመድኃኔዓለም ሥዕል እንኳ ጥጉ ተልጦ አለ። ደስ አለኝ መጀመሪያ፤ ልጄ ቤቷን ትወዳለች ብዬ።

ከዚያ ስልክ ይደወላል። እናት ሥራ ናት፤ ልጅቷ ታነሳዋለች። ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ሰው እያለቀሰ "አጎትሽ ነኝ" ይላል በእንግሊዝኛ። "አያትሽ አርፋለች። ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ሰዎች መጥተው ይነግሯታል።" ስልኩ ይዘጋል። ጌሙ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የልጅቷ ሥራ ምን መሰለህ? ያንን ይዞ መኖር ነው። እናት ከሥራ ትመጣለች። ፊቷ አይታይም፤ ድምፅዋ ብቻ ከክፍል ክፍል ይከተላል። "ምን ሆነሻል?" ይላል፣ በአማርኛ። ልጅቷ የምትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ምንም"። ምንም ባለች ቁጥር አንድ መብራት ይጠፋል። ሲነጋ ደግሞ ኤሌቬተሩ ይከፈትና ሰዎቹ ይወጣሉ። አያንኳኩም። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ በየንጋቱ ወደ በሩ ቀረብ ቀረብ ይላሉ። ብትከፍትላቸው እናትየዋ ትጮኻለች፣ ነገሩም እንደገና ከስልኩ ይጀምራል። ባትከፍትላቸው ቤቱ ይጨልማል። ወዲህም ወዲያም መውጫ የለውም። የገዙት ሰዎች ገጹ ላይ "መጨረሻ የለውም እንዴ?" እያሉ ይራገማሉ።

ገረመው፣ ያ ድምፅ የኔ ነው። ስልኳ ላይ የተውኩላትን የድምፅ መልእክት ሰብስባ ነው ያስገባችው። የማላውቀው ሰው ሁሉ የኔን "ምን ሆነሻል" ሰምቶ ይንቀጠቀጣል። አንዱ "ከሰዎቹ ይልቅ የምፈራው የእናትየዋን ድምፅ ነው" ብሎ ጽፏል። እኔ ከፍቅሬ ብዛት ነበር እኮ የምጠይቃት! ላፕቶፑን ዘግቼ አለቀስኩ። አዎ፣ በተሠራው ዓይኔ።

እናታችን የሞተች ጊዜ ሰሎሜ ሰባት ዓመቷ ነበር። እኔ ጽዳት ነበር የምሠራው፤ ቀን ስልክ የምታነሳው እሷ ናት። እነ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ በማለዳ መጥተው ሲያረዱኝ ልጄ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። የሰው ብዛት አስፈርቷት ነው ብዬ ነበር። እስካሁን እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ከአንተ ሰምታ፣ እነሱ እስኪመጡ ድረስ ብቻዋን ይዛው ሰንብታለች። ከእኔ ጋር እየበላች፣ እጄን ይዛ ትምህርት ቤት እየሄደች! ክፋት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ልቅሶህ አመለጠህ፣ መልሰህ ልትሰበስበው ሞከርክ። ግን የደፋኸው ልጅ ላይ ነው። እንዴት አስቻለህ?

አሁን ስማኝ። "ምን ሆነሻል እያልሽ አታፋጥጫት" ብለህ ጽፈህልኛል። እኔ እንደዚያ እንደምላት ማን ነገረህ? ከእሷ ጋር ትነጋገራላችሁ ማለት ነው። ለእሷ የተከፈተ ድምፅ ለእኔ ተዘጋ? የሻሽስ ጸበል ወረደች? ቀዝቃዛ ውሃ ራሷ ላይ ሲፈስ ቄሱን የምትሰድብ ሴት!

ስለ የሻሽ አልጠይቅህም። ፈራሁ፤ በግልጽ ልንገርህ፣ ፈራሁ። የምጠይቅህ ስለ ልጄ ነው። ያኔ ያሸከምካትን አሁንም እንደገና አሸክመሃታል ወይ? ይህን ብቻ መልስልኝ።

ጸሐይወርቅ


አዳማ፣ ኅዳር 23

እትዬ፤

ደብዳቤሽን ናኦሚ ልታነብልኝ ስትል ነጥቄያት ብቻዬን አነበብኩት። መልሱን እየጀመርኩ ስንት ወረቀት ቀደድኩ። ሰው ረጋ ብሎ ያስባል ብዬ ነበር፤ አላሰብኩም።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው። እኔ አልደወልኩላትም። ሰሎሜ ራሷ ለሌላ ጉዳይ ደወለች፣ ድምፄን ሰማችና ሳልናገር ገባት። ምን ልበላት? "እማን ሰዎች እስኪያገኟት ድረስ ዝም በዪ፣ ዓይኗ ይዳን" አልኳት። ልጅቷ ስልኩን ይዛ ትተነፍሳለች። ያኔም እንዲሁ ነበር፤ ያኔም ዝም ብላ ትተነፍስ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ሌላውን ግን አትጠይቂኝ። በደብዳቤ አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። እንደዚያ ነው ያደግነው። ሰው ብቻውን ቆሞ እንዳይሰማው፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር ነው። አንቺ እዚያ ፎቅ ላይ ብቻሽን ተቀምጠሽ፣ በሁለት ጣትሽ እየለጠጥሽ፣ እኔ የጻፍኩትን... እንዴት አድርጌ? አልችልም፣ እትዬ። ቅጪኝ እንጂ አልችልም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ገብረ ክርስቶስና ጥቂት ሰዎች ዓይንሽን ሊጠይቁ ይመጣሉ። እባክሽ በሩን ክፈቺላቸው።

ገረመው


ቶሮንቶ፣ ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ገረመው፣ ወንድሜ፤

ዓይኔን ሊጠይቁ የመጡት ሰዎች ባዶ ቤት አንኳኩ።

ቀድሜያቸው ወጣሁ። ነጠላዬን ሳላዘቀዝቅ ካፖርቴ ላይ ጣል አድርጌ ባስ ጠበቅኩ። ያ ባስ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል፤ ዛሬ ግን ወዲያው መጣ። ገና ከመሳፈሬ እንባዬ ወረደ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ "ማዳም፣ አር ዩ ኦኬ?" አለኝ። "እህቴ ሞታብኝ ነው" አልኩት። ማንም ሳይነግረኝ፣ ራሴ ከራሴ አፍ ሰማሁት። ልጁ ባርኔጣውን አወለቀ። እስከ ሰብዌይ ድረስ ባርኔጣውን መልሶ አላደረገውም፤ ወላጆቹን እግዜር ይባርክ።

ፓርክዴል ደርሼ የሰሎሜን በር አንኳኳሁ። ከውስጥ "ሁ ኢዝ ኢት?" አለች። በማለዳ በር ሲንኳኳ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቃለሁና ቶሎ ብዬ "እኔ ነኝ፤ ብቻዬን ነኝ" አልኳት። ከፈተች። ፊቴን አየችው። አፏን ልትከፍት ስትል እጄን አፏ ላይ አደረግኩ።

"አንቺ እንዳትናገሪ" አልኳት። "እኔ ልንገርሽ። አክስትሽ የሻሽወርቅ አርፋለች። አንቺ አልነገርሽኝም፤ የነገርኩሽ እኔ ነኝ።"

ገረመው፣ ትልቅ ሴት ናት እኮ፤ ሽበት ጀምሯታል። እዚያው በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። "አይም ሶሪ፣ እማ፣ አይም ሶሪ" ትላለች። "ምን አጠፋሽ? ማን አጠፋሽ አለሽ?" እላታለሁ። ከዚያ ስለ እናታችን ማውራት ጀመረች። አያቴ እንዲህ ትለኝ ነበር፣ በስልክ ትዘፍንልኝ ነበር ትላለች፤ ይህን ሁሉ ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም። የሻሽን ብቻ አልነበረም የምታለቅሰው፤ አያቷንም ዛሬ ነው ያለቀሰቻት። እኔም አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እንዳታጎነብሺ ተብዬ የለ? ተቀመጥኩ።

በዚህ መሀል ብርሃነሽ ደወለች። በሹክሹክታ ነው። "የት ነሽ? በር ላይ ቆመናል።" "ፓርክዴል" ስላት "በዚህ ሰዓት ፓርክዴል ምን አባሽ ትሠሪያለሽ!" ብላ ሹክሹክታውን ረሳችው። እንዳትሄዱ፣ መጣሁ አልኳት።

ሰሎሜ መኪና ጠርታ አብረን ተመለስን። ኤሌቬተሩ ሲከፈት እዚያው ናቸው። ኮሪደሩን ሞልተውታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ይዘዋል፣ ማንም አይናገርም። ሰሎሜ ክንዴን ይዛ ቀጥ አለች። እኔም፣ አልዋሽህም፣ ፈራሁ፤ ስንት ጊዜ ላፕቶፑ ላይ ያየሁት ነው። ያኔ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ከመሀል ወጥተው "ሰሎሜ፣ ልጄ፣ በእመቤታችን፣ ቶሎ ክፈቺው፤ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነው" አሉ።

ልጄ ሳቀች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ ከት ብላ ሳቀች። ቁልፉን ከእጄ ወሰደችና በሩን ራሷ ከፈተችላቸው።

ገብተው ተቀመጡ። አውቃለሁ ብላቸው ደስ ባለኝ ነበር፣ ግን ከአልጋቸው በጨለማ ተነስተው፣ በዚያ ብርድ መጥተው፣ ኮሪደር ላይ ቆመው፤ እንዴት ልበል? ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ከሽንት ቤት ወጥተው እንደ ወጉ ተናገሩ። እያወቅኩት ሲነገረኝ እንደ አዲስ ወደቅኩ። አንተ ልክ ነበርክ፤ የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል። ብርሃነሽ በአንድ ወገን፣ አዲስአለም በሌላው ያዙኝ። ነጠላችንን ጭራቅ አደረገችው ብላ ያኮረፈችው አዲስአለም በዚያው ነጠላዋ እንባዬን ጠረገችልኝ። ሰሎሜ አልጋ ሥር አልገባችም። እግሬ ሥር ተቀምጣ ጉልበቴን ይዛ ነበር።

ብርሃነሽ "ዓይኗ! ዓይኗ!" እያለች ስትጮኽ ሰሎሜ ዞር ብላ "ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ፤ ማልቀስ ምንም አያደርግም" አለች። ዝም በዪ ያልካት ልጅ ጠይቃ ኖሯል፤ አንተ ግን ሰው ጠየቅኩ ብለህ ዋሸኸኝ።

ሰዉ ጋብ ሲል ሰሎሜ ኩሽና ጠራችኝና ስልኳን አፌ ላይ ደቀነችው። "እማ፣ በሩ ላይ ያልሽኝን አንድ ጊዜ በይልኝ። ለጌሙ መጨረሻ።" በልቅሶ መሀል! ልቆጣ ብዬ ዓይኗን አየሁት። አልኩላት። "አንቺ እንዳትናገሪ፣ እኔ ልንገርሽ" ብዬ እስከ መጨረሻው አልኩት። አስደገመችኝ ደግሞ፤ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ከሳሎን አስነጥሰው አበላሹባት። ቀድሞ ለገዙትም በነፃ ይደርሳቸዋል አለችኝ።

አሁን ልጄ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ሴቶቹ ድስት ጥደዋል።

የሻሽ እንዴት እንዳረፈች አልጻፍክልኝም። እንዳትጽፍልኝ። ደብዳቤህ ይበቃኛል። ጉንፋን እንዳልያዘህ አውቃለሁ፤ ድምፅህን የዘጋው ልቅሶ ነው፣ እሱን እንዳልሰማ ነው ብዕር ያነሳኸው። ልስማው። እህቴን ቀብረህ ብቻህን የከረምክ ወንድሜ ነህ፤ ላንተስ ማን እጅህን ያዘህ?

ደውል። አልቅስና ንገረኝ። ለእኔ ያለችውን የመጨረሻ ስድቧንም ንገረኝ፤ ሳትሰድበኝ አልሄደችም። ቃል በቃል ንገረኝ፣ እንዳታሳምርላት። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

እህትህ ጸሐይወርቅ